የሳንባ ድምፅ በደካማ ኔትወርክ

ሥራሽ ምንድን ነው ስባል ድምፅ እጨምቃለሁ እላለሁ። ታላቅ ወንድሜ ለሰፈሩ ሁሉ «እህቴ ጭማቂ ቤት ከፍታለች» ብሎ አስወርቶብኛል፤ አይጣል ነው መቼም! ትልቁን የድምፅ ፋይል፣ ጆሮ የማይፈልገውን እየቀነስኩ አሳንሰዋለሁ። ቀጣሪ የለኝም። አለቃዬም ሠራተኛዬም እኔው ነኝ፤ ሁለታችን ግን አንስማማም።

አንድ ጊዜ ሥራ የሰጠችኝ የሳንባ ሐኪም ነበረች። ሩቅ ጤና ጣቢያ ያለው ነርስ ማይክ የተገጠመለት ማዳመጫ ታማሚው ደረት ላይ ያደርጋል፤ እሷ ከተማ ሆና በስልክ ትሰማለች። ድምፁን በደካማው ኔትወርክ እንዲያልፍ ማሳነስ የእኔ ድርሻ ነው። ለሙከራ የታማሚዎች የደረት ድምፅ ቅጂ ላከችልኝ። እኔ ሆዬ እንደ ልማዴ ኮሽ የሚለውን፣ ሲር ሲር የሚለውን ሁሉ ጠራርጌ ኩልል ያለ ድምፅ መለስኩላት። ኮርቼ!

«አንቺ፣ ሁሉንም ፈወስሻቸው እኮ!» አለችኝ ደውላ። «የሳንባ ምች ያለበትም ጤነኛ ሆኖ ነው የተሰማኝ።»

ክው አልኩ። ለካ በሽታው ያለው እኔ ቆሻሻ ብዬ የጣልኩት ውስጥ ነው! ከንግግርና ከሙዚቃ ጋር ስውል ጆሮዬ ተሞላቅቋል።

«ዶክተርዬ፣ አንድ ዕድል ስጪኝ።»

«ሰኞ በእውነተኛ ታማሚ እንሞክረዋለን። ካልሆነ ነገሩ ይቅር» አለች።

ይቅር ማለት ያ ጤና ጣቢያ ያለ ሐኪም ቀረ ማለት ነው። ሥራዬን ከሥሩ ገለበጥኩት፤ ለጆሮ የሚጥመውን ጣልኩ፣ ኮሽታውን አቀፍኩ። ወንድሜ በበሩ ብቅ ብሎ «ምንድን ነው፣ የጋለ ዘይት ላይ ውሃ ደፋሽ እንዴ?» አለኝ።

«ውጣልኝ!» አልኩት። ደስ ግን ብሎኛል፤ ኮሽታው ተርፏል ማለት ነዋ!

ሰኞ ሆስፒታል፣ ሐኪሟ ቢሮ ቁጭ አልኩ። ኔትወርኩ ሞት ሞት ይላል። ነርሱ ከጤና ጣቢያው በስልክ «ጉንፋን ነው፤ ለሙከራ ያህል ነው ያመጣኋት» ብሎ ማዳመጫውን አንዲት ሕፃን ደረት ላይ አደረገ። ሐኪሟ ዓይኗን ጨፈነች።

«ዝቅ አድርገው... ወደ ግራ... እዚያው ቁም!» ከወንበሯ ተነሣች። «ምን ጉንፋን ነው? ሳንባዋ ነው! መድኃኒት ጀምርላትና አሁኑኑ ላካት።»

ጮህኩ። «ዝም በይ፣ ስልክ ላይ ነን!» አለችኝ፤ እሷም ግን ጥርሷን መክደን አቅቷታል።

ከሰዓት በኋላ ሕፃኗ በእናቷ ታቅፋ ደረሰች። ሐኪሟ በራሷ ማዳመጫ አዳመጠቻትና ማዳመጫውን ጆሮዬ ላይ አደረገችልኝ። ያው ነው! በስልክ የሰማነው ራሱ።

እናትየው አንዴ እኔን፣ አንዴ ሐኪሟን እያየች «ልጄ ትተርፍልኛለች?» አለች።

«በጊዜ ነው የደረስሽው። ትድናለች» አለቻት።

ሆስፒታል ውስጥ መሆኔን ረስቼ እልልታዬን አቀለጥኩት።