የሲሪል ባምበር ዝምታ

ሲሪል ባምበር ሰውን የሚያስቀው በመናገር ሳይሆን ባለመናገር ነበር። ይህን ከዊልፍ ኦልድሮይድ የተሻለ የሚያውቅ ሰው አልነበረም፤ ሁለቱ ከወጣትነታቸው ጀምሮ በሞርቢ ከተማ፣ ወደ ባሕሩ በተዘረጋው የእንጨት ድልድይ ጫፍ ላይ ባለው ቴአትር ቤት፣ በየበጋው አብረው ሲያስቁ ኖረዋል። ዊልፍ ጠያቂ ነው፤ ሲሪል መላሽ። ዊልፍ ፊቱን ኮስተር አድርጎ የሆቴል ጸሐፊ ይሆንና «ስንት ቀን ለመቀመጥ አስበዋል?» ይላል። ሲሪል አፉን ይከፍታል። ሊናገር ነው ስትሉ ይተወዋል። ባርኔጣውን ያያል። እንደገና አፉን ይከፍትና ይዘጋዋል። አዳራሹ ትንፋሹን ይይዛል፤ አንዷ ከኋላ ሳቋን ማፈን አቅቷት ትንፈቀፈቃለች። ይኼኔ ሲሪል በቀስታ፣ እንደ ምስጢር፣ «ምሳው ምንድን ነው?» ይላል። ይኸው ነው፤ ሌላ የለውም። ወረቀት ላይ ሲያዩት ምኑም አያስቅም፤ ከአዳራሹ ግን በሳቅ ብዛት ተደግፎ የሚወጣ ሰው ነበር።

አንድ ዓመት ሚያዝያ ላይ ሲሪልን ስትሮክ ግራ ጎኑን መታው። እግሩ ተመለሰ፤ አንደበቱም ቀስ እያለ ተመለሰ። ያልተመለሰው የሰው እምነት ነው። ሲሪል በወሬ መሀል ዝም ሲል ድሮ የሚስቀው ጎረቤት አሁን ወደ መሬት ያያል፤ ሚስቱ ኔሊ ደግሞ ቃሉን ልታቀብለው ትሞክራለች። እሱ ራሱም እየቀለደ ይሁን እየጠፋበት መለየት የተሳነው ይመስል ነበር። የቴአትር ቤቱ ኃላፊ ሚስተር ሄብልዋይት የመጪውን በጋ ውል ይዞ መጥቶ ሳያስፈርም ሄደ። «እስቲ እናያለን» አለ። እናያለን የሚል ኃላፊ አይቶ የጨረሰ ኃላፊ መሆኑን ሁለቱም ያውቃሉ።

ቲን ላርክስ የሚባሉት ዘፋኞች የመጡት በዚህ መሀል ነው። አራቱ ፀጉራም ልጆች፣ እንግሊዝ አገር ያለች ኮረዳ ሁሉ ስማቸውን ሰምታ ራሷን የምትስትላቸው፣ ፊልም ሊሠሩ ተነሥተዋል። ጽሑፍ የለም፣ ዳይሬክተር የለም፣ የመጣው ይምጣ ነው። ከሞርቢ ወጣ ብሎ ያለውን፣ በመኸር ባዶውን የሚቀረውን የዕረፍት ሰፈር ተከራይተው አንዲት አህያ፣ የሹራብ ሠሪዎች ማኅበርና የማዕድን ሠራተኞች የጡሩንባ ጓድ ሰበሰቡ። ዘፋኙ ሮቢን ታርልተን በልጅነቱ አያቱ ይዛው ኦልድሮይድንና ባምበርን አይቶ ነበርና «እነዚያን ሽማግሎች አምጡልኝ» አለ። ገንዘብ ሲበዛ ሰው ያማረውን ያስጠራል።

ሁለቱ ሙሉ ልብሳቸውን ለብሰው፣ ጫማቸውን ወልውለው የሰፈሩ የምግብ አዳራሽ ገቡ። ሮቢን በሴት ካፖርት ተጠቅልሎ ጠረጴዛ ላይ ተቀምጧል።

«ፋዘር፣ እንደፈለጋችሁ ሁኑ» አላቸው። «እኛም የምንሠራውን አናውቅም።»

«ያስታውቃል» አለ ሲሪል።

ልጆቹ ሳቁ። የድምፅ ሠራተኛው ግን ፊቱ እንደ ጠቆረ ነው። በፊልም ሥራ፣ ቀረጻ ሲጀመር በካሜራው ፊት ጣውላ ከጣውላ ጋር ቻ ይደረጋል፤ ምስሉና ድምፁ በየፊናቸው ስለሚቀዱ ኋላ የሚገጥሙት በዚያች ምት ነው። ሮቢን ጣውላውን ነጥቆ ከሾርባ ድስቱ ውስጥ ከቶታል።

«እሱ ካልተመታ ድምፁን ከምስሉ ምን ያገናኘዋል?» አለ ሰውዬው። «ኋላ ፊልሙን የምትቆርጠው ልጅ ታብዳለች እኮ!»

«ትበድ! ያ ነገር ቻ ባለ ቁጥር ሰው ሁሉ ተዋናይ ይሆንብኛል። እኔ ሰው ነው የምፈልገው።»

ካሜራው ሲሪል ፊት ላይ ተጠግቶ ቆመ። ዊልፍ ጀርባው ብቻ ነው የሚታየው፤ እሱ ግድ አልሰጠውም። «ስንት ቀን ለመቀመጥ አስበዋል?» ብሎ ጠየቀ። ሲሪል አፉን ከፈተ፤ ተወው። ባርኔጣውን አየ። እንደገና ከፈተ፤ ዘጋው። ዝምታው ረዘመ፤ ድሮ ከሚረዝመውም አለፈ። ሄደብኝ፣ አለ ዊልፍ በሆዱ፣ በዚህ ሁሉ ሰው ፊት ሄደብኝ። ይኼኔ የሲሪል ዓይን ጥግ ላይ ያቺን ተንኮል አያት፤ ከእሱ በቀር ማንም የማያውቃትን።

«ምሳው ምንድን ነው?»

ወጥ ቤቶቹ በሳቅ ጮኹ። የካሜራ ሠራተኛው ትከሻው ተንቀጠቀጠ፤ ሮቢን ከጠረጴዛው ወርዶ ወለሉ ላይ ተዘረፈጠ። በአውቶቡስ ሲመለሱ ሲሪል መስኮቱን እያየ «አለሁ ማለት ነው?» አለ።

«አለህ» አለው ዊልፍ።

ፊልሙ በቴሌቪዥን የሚታየው የገና ማግስት ላይ፣ አገሩ ሁሉ ከተረፈው የተርኪ ሥጋ ጋር ቤቱ በሚውልበት ቀን ሆነ። የሲሪል ሳሎን ጢም ብሎ ሞላ። ኔሊ ቀዝቃዛውን ሥጋና የሸሪ ወይኑን አዞረች። ሚስተር ሄብልዋይት ከፊት ተቀምጧል፤ ሲሪል ራሱ ነው የጠራው። «ይይ» አለ። «በዓይኑ አይቶ ይፈርም።»

ጡሩንባ ነፊዎቹ ባሕር ውስጥ እስከ ጉልበታቸው ገብተው ነፉ። አህያዋ ደረጃ ወጣች። አራቱ ልጆች አሸዋ ላይ የተደረደሩ አልጋዎች ውስጥ ተኝተው ዘፈኑ፤ ዘፈኑ ደግሞ አያልቅም።

«አልተጀመረም እንዴ እስካሁን?» አለች ጎረቤቷ ሚስስ ሰግደን።

«ይኼ እኮ ነው ፊልሙ።»

«ወይ ጉድ! እኔ መሣሪያው ተበላሽቶ መስሎኝ።»

ወዲያው የሲሪል ፊት የቴሌቪዥኑን መስኮት ሞልቶ መጣ፤ ሳሎኑ አጨበጨበ። የዊልፍ ድምፅ ጠየቀ። ሲሪል አፉን ሲከፍት፣ ገና ሲከፍት፣ «ምሳው ምንድን ነው?» የሚለው ድምፅ ወጣ። ዝምታ የለ፣ ምን የለ። ከዚያ በኋላ ሲሪል ባርኔጣውን አየ። አፉን ከፈተ፤ ዘጋ። ቆየ። ከንፈሩ ተንቀሳቀሰ፤ ምንም ድምፅ የለም። በዚያ ትልቅ ፊት ላይ፣ ቃል የጠፋበት በሽተኛ አየር ሲያኝክ ይታያል። ወዲያው አህያዋ ተመለሰች።

ማንም አልሳቀም። ሚስስ ሰግደን መሀረቧን አወጣች። ሚስተር ሄብልዋይት ብርጭቆውን ቀስ ብሎ አስቀመጠ። ሲሪል ራሱን እንዳየ አልተንቀሳቀሰም፤ ፊቱ አመድ መስሏል።

በማግሥቱ ጋዜጦቹ ልጆቹን እንደ ሽንኩርት ከተፏቸው። ዕብሪት፣ ዝባዝንኬ፣ የሰው ጊዜ መግደል ያላላቸው የለም። ለእነሱ ማን ያዝናል፤ በወሩ ሌላ ዘፈን አወጡና ሁሉም ተረሳላቸው። አንዱ ጋዜጣ ግን፣ ደግ ሰው መሆን አለበት የጻፈው፣ ከሁሉ የከፋው የታመመ ሽማግሌ አምጥቶ መሳለቁ ነው ብሎ አዘነ። ኔሊ ያንን ገጽ ምድጃ ውስጥ ከተተችው፤ ሲሪል ግን ቀድሞ አንብቦታል። ሚስተር ሄብልዋይትም ዊልፍን መንገድ ላይ ይዞ «በቃ አሳርፈው» አለው። «አንጀቴን ነው የበላኝ፣ እውነቴን ነው።»

ዊልፍ ከዚያው እየበረረ ሲሪል ቤት ገባ።

«ስማኝ፣ ድምፁ ነው! ያለ ቦታው ነው የገጠሙት። ዝምታህን በልተውብህ ነው እንጂ አንተ ምንም አልሆንክም። እኔ እዚያው ፊትህ ቆሜ የለም እንዴ?»

ሲሪል ቀና ብሎ አየው። ቁጣ የለበትም፤ ቢቆጣ ይሻል ነበር።

«በሐምሌ፣ በወታደሮቹ ክበብ፣ ምን ነበር ያልከኝ?»

ያን ቀን የሲሪል መልስ ጨርሶ አልመጣም ነበር። ሰዉ ዝም ብሎ ሲያያቸው ዊልፍ ዘፈን ጀምሮ አዳፈነውና፣ ኋላ «ማይክሮፎኑ ሞቶ ነው፤ አልተሰማህም» አለው። ማይክሮፎኑ ደህና ነበር።

«ኔሊ ነገረችኝ» አለ ሲሪል። «አልተቀየምኩህም። እኔም ብሆን እንደዚያ ነበር የምልህ።»

«ያኔ ዋሽቻለሁ። አሁን ግን...»

«ሻይ ትጠጣለህ?»

ዊልፍ ሻዩን ሳይጠጣ ወጣ። መንገድ ዳር ያለው ቀይ የስልክ ሳጥን ውስጥ ገብቶ ለንደን፣ የልጆቹ ቢሮ ደወለ። አላገናኙትም። በሌላው ቀንም፣ ከዚያ ወዲያም ደወለ፤ አንዷን ለመነ፣ አንዱን ሰደበ። በመጨረሻ ፊልሙን የቆረጠችውን ልጅ አገናኙት። ጊሊያን ፕሬንቲስ ትባላለች፤ ድምፅዋ ገና የልጅ ነው።

«ጣውላ አልመቱልኝም እኮ!» አለች። «የሰው ከንፈር እያየሁ ነው ሁሉንም የገጠምኩት። እሳቸው ደግሞ አፋቸውን ከፈቱ፤ ያው እዚያ ጋ የሚናገሩ መሰለኝ። ዝምታው ሲረዝም የድምፁ ቴፕ ከምስሉ የተንሸራተተ መሰለኝ። ሰው ያን ያህል ዝም ይላል ብዬ በምን ልጠርጥር?»

«እሱ ይላል» አለ ዊልፍ። «የኔ ልጅ፣ ይህንኑ ለሱ ንገሪልኝ። እንዳልሽው፣ ምንም ሳትጨምሪ።»

እሁድ ከሰዓት በኋላ ስልኩ ሲጮኽ ዊልፍ እዚያው ሲሪል ቤት፣ ኮሪደሩ ላይ ቆሞ ነበር። ሲሪል እጀታውን በደህናው እጁ ይዞ ግድግዳውን ተደገፈ። የልጅቷ ድምፅ ቀጥኖ ይሰማል፤ ትናገራለች፣ ታለቅሳለች፣ ይቅርታ ትጠይቃለች። ሲሪል ጨዋ ነውና አላቋረጣትም። «እሺ የኔ ልጅ» አለ። «ገብቶኛል። አይ፣ አይ፣ በፍጹም አልተቀየምኩም። እግዜር ይስጥልኝ።» እጀታውን መልሶ ሰቀለ።

ዊልፍ ዓይን ዓይኑን እያየ ጠበቀ።

«ሰማህ አይደል?» አለ። «ሰማሃት? ሄብልዋይትም ይስማት። አሁኑኑ ሄጄ እነግረዋለሁ፣ ውሉን ይዞ ይመጣል።»

«ተው፣ አትሂድ።»

«ለምን?»

ሲሪል እጁን ትከሻው ላይ ጣለ። ፊቱ ላይ ያለው ፍቅር ነው፤ ዊልፍን የገደለው ይኸው ፍቅር ነው።

«እሷን ለማግኘት ስንት ቦታ ደክመህ ይሆን ወንድሜ» አለ። «ጥሩ ሰው ነህ። ልጅቷም ጎበዝ ተዋናይ ናት፤ ለቅሶዋ ራሱ የምር ይመስላል። ትንሽ ቸኮለች እንጂ።»