ሕጉ ያልታወቀ ጨዋታ

ሠርክ የምትሠራው አየር መንገድ ውስጥ ነው። ከጥገና የወጣ አውሮፕላን መዝገቡ እሷ ጋ ሳይደርስ አይነሳም። አንዲት ፊርማ ከጎደለች ወይም የተጻፈው ቀን ከተዛነፈ ወረቀቱን ትመልሰዋለች። አለቆቿ ይህን ጥንቃቄዋን ይወዱላታል። ችግሩ፣ ጥንቃቄው ማታ አብሯት ሳውዝ ሲ በሚባለው ሰፈር ወዳለው ቤቷ መግባቱ ነው።

የዘጠኝ ዓመት ልጇ ሐሊና ለትምህርት ቤት የካርቶን ቤት ሠርታ ነበር። ሠርክ ጣሪያው ጋደል ብሎ ስታየው አላስቻላትም፤ ልጅቱ ራት በልታ እስክትነሳ ፈታ እንደገና ሠራችው። ሐሊና አልተቆጣችም። ከዚያ ወዲህ ግን ሥዕል ቀለም ስትቀባም፣ ዳቦዋ ላይ ማርማላታ ስታደርግም ቀና ብላ «ማሚ፣ ልክ ነው?» ማለት ጀመረች። እናቷ ይህን ከጨዋነት ቆጠረችው።

በነሐሴው የትምህርት ቤት እረፍት፣ አንድ ቅዳሜ ጠዋት፣ የሐሊና የፒያኖ አስተማሪ ታመመችና ሰዓቱ ባዶ ሆነ። ሐሊና ግቢ ወርዳ ከጎረቤት ልጆች ጋር ለመጫወት ለመነች፤ ተፈቀደላት። ሠርክ ሦስተኛ ፎቅ በረንዳ ላይ ልብስ እያሰጣች ቁልቁል ትመለከት ጀመር።

ሰባት ልጆች ናቸው። ሁሉም ጫማ ያደረጉት በአንድ እግራቸው ብቻ ነው፤ ሌላውን ራሳቸው ላይ ጭነው ከውኃ ታንከሩ ወደ ግቢው በር ቀስ ብለው ይሄዳሉ። በመሃል የጎረቤት ልጅ ቀመሪያ «ሳሙና» ብላ ትጮኻለች። ያኔ ከፊሎቹ መሬት ላይ ይወድቃሉ፣ ከፊሎቹ ይሮጣሉ፣ ሚናስ የሚባለው ትንሹ ልጅ ሄዶ ግድግዳውን ይስማል።

ሠርክ የልብስ መቆንጠጫ በእጇ እንደያዘች ቀረች። ማን ነው የሚወድቀው? ጫማው የወደቀበት ይሆናል ብላ ገመተች። በሚቀጥለው ዙር ጫማዋ ከራሷ ያልወደቀው ሐሊና ተዘርግታ ወደቀች። እንግዲያው በተራ ይሆናል አለች። እሱም አልሆነም።

ለሥራ ሎድዋር ከተማ ለሄደው ባሏ ለዮአብ ደወለች።

«ሕጉ ሊገባኝ አልቻለም» አለችው።

«የምኑ ሕግ?»

«የልጆቹ ጨዋታ። በረንዳ ላይ ቆሜ እያየኋቸው ነው። በዕድሜ መስሎኝ ነበር፤ አይደለም።»

ዮአብ ሳቀ። «እዚያ ከቆምሽ ስንት ደቂቃ ሆነሽ?»

ሰዓቷን አየች። አርባ ደቂቃ አልፏል፤ እርጥቡ ልብስ አሁንም ሳፋ ውስጥ ነው።

«ወርደሽ ጠይቂያቸዋ» አላት።

ስልኩን ዘግታ ዳግመኛ ስትመለከት ሌላ ነገር ታያት። ሐሊና ቀሚሷ አቧራ ለብሶ፣ ጸጉሯ ተበታትኖ፣ ትወድቃለች፣ ትነሳለች፣ ትስቃለች። በዚያ ሁሉ ጊዜ አንዴም ወደ በረንዳው ቀና አላለችም። ልክ ነው ወይ ብላ የጠየቀችው ሰው የለም። ሠርክ የገዛ ልጇን እንደማታውቃት ልጅ ትክ ብላ አየቻት። ከዚያ ነጠላ ጫማዋን አድርጋ ወረደች።

ሐሊና እናቷን ስታይ ሳቋ ጠፋ፤ ጎንበስ ብላ ጉልበቷን ማራገፍ ጀመረች። «ሶሪ ማሚ፣ አሁኑኑ እታጠባለሁ።»

«ስለ ልብሱ አይደለም የመጣሁት» አለች ሠርክ። ድምፅዋ እንዳሰበችው አልወጣላትም። «ጨዋታው አልገባ ብሎኝ ነው። የሚወድቀው ማን ነው?»

ልጆቹ ተያዩ። መልሱን የሰጠችው ቀመሪያ ናት። «መውደቅ ያማረው ይወድቃል፣ አንቲ።»

«የሚሮጠውስ?»

«መሮጥ ያማረው።»

«ግድግዳውን የሚስመውስ?»

«እሱ ሚናስ ነው። ግድግዳውን ይወደዋል።»

«ታዲያ ማን ነው የሚያሸንፈው?»

ይህን እስከዛሬ ያሰበበት አልነበረም። «ምሳ ሲደርስ ያልቃል» አለ ሚናስ።

«እኔም ልግባ?» አለች ሠርክ፤ ቃሉ ከአፏ ሲወጣ ራሷንም ገረማት።

ቀመሪያ ከላይ እስከ ታች አየቻት። «አንዱን ጫማ ያውልቁ።»

ነጠላ ጫማው ራሷ ላይ ሁለት እርምጃ አልቆየም። አንስታ በሁለት እጇ መሃል አናቷ ላይ ልታስተካክለው ስትል ሐሊና ክንዷን ያዘቻት። «ማስተካከል የለም ማሚ። ዝም ብሎ ነው የሚቀመጠው።»

«ሳሙና» አለች ቀመሪያ።

ሠርክ ቆመች። ምን አማረኝ? ይህን ሰው ከጠየቀኝ ስንት ዓመት ሆነ ብላ አሰበች። ሌሎቹ እየሮጡ አልፈዋት ሄዱ። እሷ በመጨረሻ መሬት ላይ ቁጭ አለች፤ ቀጥላም በጀርባዋ ተንጋለለች። የነሐሴው ሰማይ ዳመና ብቻ ነበር። ሐሊና እየሳቀች መጥታ ጎኗ ተዘረጋች።

የሠርክ ስልክ ጮኸ፤ የስድስት ሰዓቱ የሐሊና የውኃ ዋና ትምህርት ማስታወሻ ነው። ልጅቱ ድምፁን ታውቀዋለች፤ ተነስታ ተቀመጠችና ጫማዋን ትፈልግ ጀመር። ሠርክ ማስታወሻውን አጠፋች። ለአሠልጣኟም «ዛሬ አንመጣም» ብላ ጻፈች። «በሰላም ነው?» የሚል መልስ መጣ። ትንሽ አሰበችና «ጨዋታ ይዘን ነው» ብላ ላከች።

«ቦርሳ» ብላ ጮኸች ቀመሪያ ከወዲያ ማዶ።

«ቦርሳ ሲባል ደግሞ ምንድን ነው የሚደረገው?» ሠርክ እየተነሳች ጠየቀች።

«እኔ እንጃ» አለች ሐሊና፤ እየሮጠች ነበር።