የጫንያለው ኪስ

ጎረቤቴ ወይንሸት ነቀምቴ ገበያ ድንችና ጎመን ትሸጣለች። ባሏ ጫንያለው የመንግሥት ሠራተኛ ነው፤ ደመወዙ ከቤት ኪራይ አያልፍም። እናቱ ከጎጃም ሊጠይቁት ከመጡ ወዲህ ወይንሸት የአስቤዛውን ብር ጠዋት ጠዋት ኮቱ ኪስ ትከትለታለች። እሱም እናቱ ፊት አውጥቶ እንደ ጌታ ይሰጣታል። እኔ ምስጢሩን ስለማውቅ፣ እሳቸው ሳይሰሙ፣ “ኦቦ ጫንያለው፣ ዛሬም ደመወዝ ወጣልህ?” እያልኩ አበሽቀዋለሁ።

ትናንት እናትየው፣ “ልጄን አራቆትሽው እኮ! የሸማቾች ዘይት እያለ ይህ ሁሉ ብር ለምን?” አሉ። ዘይቱ ከሸማቾች ሱቅ ከጠፋ መክረሙን አያውቁም። ጫንያለው ኮራ ብሎ ግማሹን ወደ ኪሱ መለሰው። ማታ ሽሮው ያለ ዘይት ቀረበ።

ዛሬ ወይንሸት ኪሱ ውስጥ ምንም አልጨመረችም።

“የትናንቱን ግማሽ ስጠኛ” አለችው።

አቀርቅሮ አወጣው።

“አየሽ!” አሉ እናትየው። “ልጄ ባይቆጥብ ዛሬ ጦማችሁን ታድሩ ነበር!”

ወይንሸት ዘንቢሏን አንስታ ወጣች። በር ላይ ስታገኘኝ፣ “እባክሽ ዛሬ እንዳትቀልጂብኝ፤ ደክሞኛል” አለችኝ።

የዘንቢሉን አንድ ጆሮ ያዝኩላት።