ማንቆርቆሪያው የሌለበት ሥዕል

አክስቴ ልብስ ሰፊ ናት። ያለ ማስመሪያ ጨርቅ ስትቆርጥ ጠርዙ ቀጥ ያለ ነው። ስለዚህ ከሥዕል ትምህርት ይዛ የመጣችውን የከሰል ሥዕል ሳየው ሳቄን መዋጥ አቃተኝ። ጠርሙሱ ጎብጧል፣ የሎሚው ሆድ ተነፍቷል፣ ኩባያው ሊወድቅ አዘንብሏል።

«ነገ አልሄድም» አለችኝ፣ ኮቷን እንኳ ሳታወልቅ።

ነገ የመጨረሻው ቀን ነው፤ የተማሪው ሁሉ ሥዕል ግድግዳ ላይ ይሰቀላል። ባሏ ከሞተ ወዲህ ለራሷ ብላ የጀመረችው ነገር ይሄ ትምህርት ብቻ ነው። እንዲህ በቀላሉ ልትተወው ስትል አንጀቴን በላችው።

«መምህሩ ምን አለሽ?»

«የነፍስ ስብራት ነው አለ። ሰው ሁሉ ፊት ሐዘኔን ተነተነልኝ።»

ታላቅ ወንድሟ ከሶፋው ሳይነሳ፣ «ምን ነፍስ አመጣው? መነጽርሽን ቀይሪ» አላት።

እኔም ድርሻዬን ልተረጉም ወረቀቱን ወደ መስኮቱ ወሰድኩት። የሆነ ነገር የጎደለው መሰለኝ። ባለፈው ሳምንት ከክፍል ላመጣት ስሄድ፣ ጠረጴዛው ላይ ከተደረደሩት ዕቃዎች ኋላ እንደ መስታወት ፊት የሚያሳይ ትልቅ የብረት ማንቆርቆሪያ ነበር። የእሷ ሥዕል ላይ የለም። ጥግ ላይ ግን መምህሩ ድንች ነው ያለው አንድ ጥቁር ነገር አለ። ድንቹ ባርኔጣ አድርጓል።

ነገሩ ገባኝ። አክስቴ የሳለችው ጠረጴዛውን ሳይሆን የማንቆርቆሪያው ሆድ ላይ የሚታየውን ነጸብራቅ ነው። እዚያ ላይ ዕቃው ሁሉ ይጣመማል፤ ከኋላዋ የተቀመጠ ሰውም ይታያል።

«እቴቴ፣ ከኋላሽ የሚቀመጠው ማነው?»

«እኔ ምን አውቄ።»

«ባርኔጣ ያደርጋል?»

ኮቷን ማውለቅ አሁን ትዝ አላት። «ሰዓት ሠሪው ነው» አለች ወደ ግድግዳው ዞራ። ከዚያ ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ፣ «ያስታውቃል እንዴ?»

«ለሰው ድንች ነው። ግን ነገ ካልሄድሽ ድንቹን የት ታገኚዋለሽ?»

«ባለጌ» አለችኝ። ሄደች ግን፤ እኔንም አስከትላ።

ሥዕሏን ከሰዓት ሠሪው ሥዕል አጠገብ ሰቅለውታል። የእሱ ላይ ጠርሙሱም ሎሚውም ግማሽ በግማሽ ተሸፍነዋል። የሸፈነቻቸው ፀጉሯን ጠቅልላ ያሰረች፣ ጀርባዋ ብቻ የሚታይ ሴት ናት። የሹራቧ አንገት ላይ ያለው ስፌት እንኳ አልቀረም።

መምህሩ «ዕቃውን ሳሉ ነበር ያልኩት» ብሎ አጉረመረመ።

ሰዓት ሠሪው ባርኔጣውን አውልቆ፣ «ከፊቴ ያለውን ነው የሳልኩት» አለ።

አክስቴ ፊቷ ቀላ። ሥዕሉን በልብስ ሰፊ ዓይን ከላይ እስከ ታች መረመረችው።

«ትከሻዬን አጥብበውታል» አለችው። «በሚቀጥለው ፊት ለፊት ይቀመጡ።»

«እሺ» አላት። ትምህርቱ ያን ቀን እንዳለቀ ሁለቱም ያውቃሉ።