ብቁ ያልሆነው ወፍጮ ቤት

ለሀብሩ ወረዳ ነዋሪዎች በሙሉ፦ የጽሕፈት ቤታችን ብቸኛው የመለኪያ ሜትር በሥራ ላይ እንዳለ፣ ሰኔ 21 ቀን 2014 ዓ.ም. ከረፋዱ አራት ሰዓት ላይ፣ ሰባተኛው ሜትር ላይ ተበጥሶ ከዚህ ዓለም ድካም ማረፉን የምንገልጸው በታላቅ ሐዘን ነው። ለሥራ ባልደረቦቹ መጽናናትን እንመኛለን።

ከባልደረቦቹ ዋነኛው ደሞዜ የሟቹን ግማሽ እንደያዘ ቆሞ ቀረ። ሌላውን ጫፍ የያዙት የወፍጮ ቤቱ ባለቤት አቶ አብዱልመሊክ የተበጠሰውን አዩና፣

"ኢና ሊላሂ" አሉ። "አብሽር ልጄ። ሰባት ብለህ ጻፍ፤ የቀረውን አላህ ያውቃል።"

ደሞዜ ከወልድያ የመጣው "የቀድሞ ወፍጮ ቤቶችን መልሶ ማልማት" የሚባለውን የመንግሥት ፕሮጀክት ቅጽ ይዞ ነው። ጦርነቱ ዘርፎ ባዶ ያስቀራቸው ወፍጮ ቤቶች ይፈርሱና በቦታቸው "ሁለገብ የማኅበረሰብ ማዕከል" ይሠራል፤ አዳራሽ፣ ቴሌቪዥን፣ የፑል ጠረጴዛ። ለወፍጮ ግን አንዲት ብሎን አልተያዘችም። ሰነዱን ያዘጋጁት ሰዎች ዱቄት በፌስታል ከሱቅ የሚመጣ ነገር ነው ብለው ሳያምኑ አልቀሩም።

በጀቱ እስከ ሰኔ 30 ሥራ ላይ ካልዋለ ይመለሳል። የደሞዜም የሥራ ኮንትራት የሚያልቀው ያን ቀን ነው። አለቃው አቶ ካሳዬ "ሦስት ብቁ ቦታ አምጣ፤ ኮንትራትህ ይታደሳል" ብለውታል። ሁለቱን አግኝቷል። ሦስተኛው ከሲሪንቃ ወደ መርሳ ሲወርዱ፣ ከአስፋልቱ የግማሽ ሰዓት የእግር መንገድ ገባ ብሎ ያለው ይህ ነው።

ወደ ውስጥ ገቡ። ሞተሩ የነበረበት ሲሚንቶ ላይ አራት ብሎኖች ብቻ አንጋጠው ቆመዋል።

"ሞተሩስ አባባ?"

"ባለፈው ነሐሴ፣ ጦሩ ሲመጣ ሄደ።"

"ወሰዱት?"

"ሄደ አልኩህ እኮ።"

ደሞዜ "ተዘርፏል" ብሎ ሊጽፍ እስክሪብቶውን ሲያነሳ ዐይኑ የወፍጮው ድንጋይ ላይ ዐረፈ። ድንጋዩ ተወቅሯል። ፍንካቹ ገና ወለሉ ላይ ነው፤ መዶሻው አጠገቡ። እናቱ በደብረ ማርቆስ ዱቄቱ በሻከረ ቁጥር "ድንጋዩን ሳይወቅሩት ነው!" እያለች ከባለ ወፍጮ ስትጣላ ነው ያደገው።

"አባባ፣ ሞተር የሌለው ወፍጮ ድንጋዩ ለምን ይወቀራል?"

"ስለለመድኩ።"

"በየስንት ጊዜው ይወቅሩታል?"

"አንተ የመጣኸው ቤቱን ልትለካ ነው ወይስ እኔን?"

ቅጹ የአንድ ጎረቤት ፊርማ ይፈልጋል። ደሞዜ አጥር ተሻግሮ ወደ አልታየች ግቢ ዘለቀ። አልታየች ባሏ በሞተ በአርባው ጦርነት የገባባት፣ እጀ ጠንካራ፣ ምላሰ ስል ሴት ናት። ልብስ ያሰጣችበት ገመድ ጥቁርና አራት ጣት የሚሰፋ ነው፤ ደሞዜ ልብ ብሎ አላየውም። አጎዛ የለበሰ በርጩማ ላይ አስቀመጠችው።

"እትዬ አልታየች፣ እዚህ ላይ ፈርሚልኝ። ማዕከል ሊሠራላችሁ ነው።"

"ምን ምን ይፈጫል?"

"አይፈጭም። ቴሌቪዥን ይታይበታል፣ ፑል ይጫወቱበታል።"

"እሰይ! እህሌን ተሸክሜ መርሳ ድረስ አስፈጭቼ ስመለስ፣ ፑል እየተጫወትኩ ወገቤን አሳርፋለኋ!"

ደሞዜ ሳቁን ዋጥ አድርጎ ሲነሳ ሱሪው ተጣብቆ ተላቀቀ። ወደ ኋላ ዞሮ አየ። መቀመጫው ላይም፣ ሱሪው ጭን ላይም መዳፍ የሚያህል ጥቁር ዘይት።

"ይሄ ምንድን ነው?"

"ቅቤ ይሆናል።"

"ጥቁር ቅቤ?"

"ላሟ ጥቁር ናት።"

አጎዛውን ገለጠው። የሞተሩ ራስ፣ ቴስታታው ነው፤ በጨርቅ ተጠራርጎ፣ ዘይት ተቀብቶ፣ እንደ ሙሽራ ተቀምጧል። ከዚያ ቀና አለና የልብስ ማስጫውን አየ። ሞተሩ ድንጋዩን የሚያዞርበት የወፍጮ ቺንጋ! የአልታየች ፌዝ ጠፋ።

"ተኩሱ የተሰማ ዕለት አንድ ቀን ሙሉ ስንፈታ ዋልን" አለች ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ። "ስድስት ቤት ተካፈልነው። ትልቁ የብረት ጎማ ኑሪያ ጓሮ ገለባ ለብሶ ተኝቷል። የጎረቤት ቀበሌን ወፍጮ ጭነው ሲሄዱ የኛ ይኸው አለ።"

"ጦሩ ከወጣ ስድስት ወር አለፈው እኮ። ለምን አትገጥሙትም?"

"ወጣ? ከቆቦ ማዶ አይደል እንዴ ያለው? ተመልሶ ቢመጣ ሁለተኛ ለመፍታት ጊዜ ማን ይሰጠናል? ነገሩ ይለይለትና በማግስቱ እንገጥመዋለን።" ቅጹን ሳትፈርም መለሰችለት። "ቤቱን ካፈረስከው ግን ምን ላይ እንገጥመዋለን? አለ ብለህ ከጻፍክ ደግሞ ወሬው ሳያድር ፈላጊው ይበዛል፤ የነሱም፣ የኛውም።"

ሲመለስ አቶ አብዱልመሊክ ድንጋያቸው ላይ ጎንበስ ብለዋል። ሱሪውን አዩ፤ ገባቸው። መዶሻውን አስቀመጡ።

"ቢነግሩኝ ምን ነበረበት አባባ?"

"ብነግርህ ትጽፈዋለህ። ሥራህ ነው፤ አልፈርድብህም።"

ደሞዜ ቅጹን አጣጠፈ። እስከ አስፋልቱ ድረስ ወረደ። ወደ ወልድያ የሚሄድ መኪና እየጠበቀ ጉልበቱ ላይ ቅጹን ሞላ፣ ፎቶ አነሳው፣ በቴሌግራም ላከው። አምስት ደቂቃ ሳይሞላ ስልኩ ጮኸ።

"ደሞዜ! እዚህ ላይ 'ብቁ አይደለም' ይላል" አሉ አቶ ካሳዬ።

"አዎ ጋሼ፣ ብቁ አይደለም።"

"ማብራሪያ የሚለው ቦታ ባዶ ነው።"

"አዎ፣ ባዶ ነው።"

"ባለፈው ወር ሞተር የለውም፣ ጣሪያው ወንፊት ሆኗል ይባላል ያልከኝ አንተ አይደለህም? ከዚህ የበለጠ ብቁ ከየት ይመጣል? ሰኔ 30 ስንት ቀን እንደቀረው ታውቃለህ?"

"ዘጠኝ።"

"እኮ! ምክንያቱን አስረዳኛ!"

ደሞዜ በስልክ የሚታይ ይመስል የሱሪውን ጥቁር ዘይት በእጁ ሸፈነ።

"አላስረዳም" አለ።