ከሐኪም የተደበቀ ሳል

እማማ ሙሉእመቤት እስከ አራተኛ ክፍል ተምረዋል። እንግሊዝኛው ባይገባቸውም ፊደሉን ይለዩታል፤ ከሰኞ ጀምሮ ጠረጴዛው ላይ የተቀመጠውን ፎርም በጣታቸው እየተከተሉ ስንቴ አገላብጠውታል። ወሩ መስከረም ነው፣ በፈረንጆቹ 1996። የልጅ ልጃቸው ብርቅዬ ኮሌጅ ከገባች ገና ሁለት ሳምንቷ ነው። የኦንታሪዮ የጤና ካርድ ለሐኪምና ለሆስፒታል እንጂ ከፋርማሲ ለሚገዛ መድኃኒት ስለማይከፍል፣ ኮሌጁ ሁለት ዓይነት ኢንሹራንስ አቅርቦላታል። ትንሹ ስምና አድራሻ ብቻ ጠይቆ ጥርስና መነጽር ይሸፍናል። ትልቁ የዘወትር መድኃኒትም ይሸፍናል፤ ግን ስለ ሕመም ይጠይቃል። ምርጫው ነገ ይዘጋል።

"ትንሹን ያዢ" አሉ እማማ። "ጥርስሽን ያዩልሻል፣ ሌላ ምን ጎደለሽ?"

"ጥርሴ ምን ሆነ፣ እማማ? ውድ የሆነው ፓፈሩ ነው። የአስሙ መተንፈሻ።"

"ቀስ በይ እንጂ!" እማማ ወደ በሩ ዞር አሉ። የክሬሰንት ታውን አፓርታማ ግድግዳ ስስ ነው። "አስም አስም አትበይ፣ ጎረቤት ይሰማል።"

"ጎረቤታችን እኮ ፊሊፒኖ ናት።"

"ብትሆንስ? ጆሮ የላትም?"

ብርቅዬ በሳቅ ፈረሰች። ሳቁ ወደ ሳል ሲዞርባት ግን ብድግ ብላ መታጠቢያ ቤት ገባችና ውሃውን ለቀቀችው።

እማማ የውሃውን ድምፅ እየሰሙ ሐሳባቸው ካርቱም ገባ። ዴም ሰፈር፣ አንድ ግቢ፣ ዘጠኝ ቤተሰብ። ማታ ማታ የገመድ አልጋቸውን አውጥተው ጎን ለጎን ይተኛሉ፤ የውጭ ጉዞ ፕሮሰሱ ያለቀለት ሰው ድስቱንና ምንጣፉን ለቀረው ትቶ ይሄዳል። ችግር ነበር፣ ግን ሰው ነበር። የብርቅዬ የካናዳ ጉዞ የሕክምና ምርመራ ቀን የደረሰ ጊዜ ግቢው ሁሉ ሐኪም ሆነ። ሳምባው የታመመ ወደ ኋላ ይቀራል ተብሎ ስለሚወራ፣ አንዷ ማር፣ አንዷ ጥቁር አዝሙድ ይዛ መጣች፤ ተሻገር የሚባለው ሹፌር ደግሞ ልጅቱን ፊቱ አቁሞ ትንፋሽ አያያዝ አስጠናት። እማማ በጆሮዋ "እንዳትስዪ፣ ለማንም እንዳትናገሪ" አሏት። የስምንት ዓመቷ ልጅ ሐኪሙ ፊት እንደ ወታደር ቀጥ ብላ ቆማ አለፈች። ውጭ ወጥታ የእማማ ነጠላ ውስጥ ተወሽቃ እስኪያስመልሳት ሳለች። ያን ቀን ግቢው እያለቀሰ ሳቀ፣ እየሳቀ አለቀሰ። እማማ ቶሮንቶ ከመጡ ወዲህ እንደዚያ ያለ ቀን አላዩም።

ብርቅዬ ዓይኗ ቀልቶ ተመለሰች። "ትልቁን ልሙላው፣ እማማ። እውነቱን ካልጻፍኩ መድኃኒቱን አይከፍሉልኝም።"

"ወረቀት እግር አለው፣ ልጄ። ከኮሌጅ ተነስቶ ኢሚግሬሽን ይገባል። 'ለካ ሸፍናችሁ ነው የገባችሁ' ቢሉስ? ለኛ ስትለፋ የምታድር እናትሽን ቢመልሷትስ?"

"ሲቲዝን ነን እኮ! አብረን አይደል የማልነው?"

"ለመሐላውማ እኔም እጄን አንስቻለሁ። እነሱ ግን ይረሳሉ ብለሽ ነው?"

ብርቅዬ እስክሪብቶውን አስቀመጠች። "አሁን ውሃውን ለምን እንደከፈትኩ ያውቃሉ?"

"እንዳይሰማ ነዋ።"

"ማን እንዳይሰማ? ሃይስኩል ጂም ክላስ ሲሆን ሽንት ቤት ገብቼ ነበር የምስለው። ማክሰኞ ዕለት ኮሌጅ ደረጃው ላይ ትንፋሼ ቁርጥ አለ። ፓፈሩ ቦርሳዬ ውስጥ ነበር፤ ጓደኞቼ ፊት አላወጣሁትም። ሽንት ቤት ሳልደርስ ወደቅኩ።"

እማማ ወንበሩን ጨብጠው ያዙ። "ማን አነሳሽ?"

"አንዲት ጽዳት የምትሠራ ሴትዮ።"

"ለየኔነሽ ነገርሻት? ለእናትሽ?"

"ለማንም። ለማንም አትናገሪ አላሉኝም?"

"እኔ? መቼ?"

"ካርቱም።"

"ለአንድ ቀን እኮ ነው ያልኩሽ፣ የኔ ዓለም! ለዚያች ቀን!"

"ለአንድ ቀን መሆኑን አልነገሩኝም።"

እማማ አፋቸውን በእጃቸው ከደኑ። አሥር ዓመት። ለካ ልጅቱ እስከ ዛሬ ሐኪሙ ፊት እንደቆመች ናት። ወንበሩን ስበው አጠገቧ ተቀመጡና ፎርሙን ወደ እሷ ገፉት።

"ትልቁን አድርጊ። ጻፊ።"

"መቼ ጀመረሽ ይላል። እኔ አላውቅም።"

"አንቺማ ከየት ታውቂው፣ ግማሹን መንገድ ጀርባዬ ላይ ነበርሽ። በሰባ ሰባት ነው፣ ሱዳን፣ ገዳሪፍ ስንገባ።"

"ሰባ ሰባት? እኔ ሰባ ስምንት አይደል እንዴ የተወለድኩት?"

"በኛ ነው እንጂ፣ አንቺ ፈረንጅ! በነሱ ስምንት ጨምሪበት።"

ብርቅዬ እየሳቀች ጻፈች። እማማ ግን አላቆሙም። አሸዋውን፣ የጭነት መኪናውን፣ ጋቢና ያለ ቦታዋን ለልጅቱ ለቃ ኋላ አቧራ ላይ የተቀመጠችውን እርጉዝ ሴት፣ ውቢትን፣ ልጅቱ ስታቃስት ደረቷን በሞቀ ጨርቅ ሲያሹ ያደሩበትን መንደር ተረኩ። ድምፃቸው ከፍ እያለ ሄደ፤ በሩን ዞረው አላዩም።

"እማማ፣ እዚህ ያለው ሁለት መስመር ብቻ ነው። ይህን ሁሉ አይፈልጉትም።"

"እነሱ ባይፈልጉት አንቺ አትፈልጊውም?"

ብርቅዬ ፎርሙን ፈርማ ወደ ጎን አደረገችው። ቦርሳዋን ጎትታ አዲሱን የኮሌጅ ደብተሯን አወጣችና የመጀመሪያውን ገጽ ገለጠች።

"እሺ፣ ቀስ ብለው ይንገሩኝ። ከገዳሪፍ ቀጥሎስ?"