ወላጅ ይዘሽ ነይ

«መታወቂያዎን ያሳዩኝ» አለች ሐዳሳ፣ ሰውየው ገና ወንበሩ ላይ በቅጡ ሳይቀመጡ።

ሰውየው ከኮታቸው የውስጥ ኪስ በላስቲክ የተጠቀለለ መታወቂያ አወጡ። ሐዳሳ ፎቶውን ከፊታቸው፣ ስሙን ከፋይሉ ጋር አስተያየች። መታወቂያው ደረሰ ላሚሶ ይላል። የተማሪዋ ፋይል ደግሞ ሮሆቦት ማቴዎስ ነው የሚለው።

«እርስዎ የሮሆቦት ማን ነዎት?»

«አባቷ።»

«የወለዷት?»

«ሌላ ምን ዓይነት አባት አለ?» አሉ ሰውየው ግራ ተጋብተው።

አለ እንጂ፣ አለች ሐዳሳ በሆዷ፤ ሐዋሳ ውስጥ ሞልቷል። በዚህ የግል ኮሌጅ የተማሪዎች ዲሲፕሊንና ቅሬታ ክፍል ስትሠራ አሥራ አንድ ዓመቷ ነው። እናቱን በአንድ ዓመት ውስጥ ሁለቴ የቀበረ ተማሪ አይታለች። ባለፈው ሴሚስተር ደግሞ ባህል አዳራሽ አካባቢ የሚውል ፍቅሬ የሚባል ደላላ የሦስት ተማሪዎች አባትና የሁለት ተማሪዎች አጎት ሆኖ እዚሁ ወንበር ላይ ተቀምጦ ነበር። አምስቱንም ጊዜ አልቅሷል። የተነቃበት አንደኛውን ልጅ በሌላው ስም ጠርቶ ሲቆጣ ነው። ያን ዕለት ዲኑ ሐዳሳን አስጠርተው፣ «ሁለተኛ እንዲህ ያለ ሰው በአንቺ ፊርማ ካለፈ ደብዳቤ የሚጻፈው ላንቺ ነው» ብለዋታል። እባብ ያየ በልጥ በረየ ይባል የለ፤ ከዚያ ወዲህ ሐዳሳ የሚያለቅስንም የማያለቅስንም አታምንም።

ሮሆቦት ከሰውየው ጎን ቆማ የቦርሳዋን ማንገቻ ትጠመዝዛለች። የሦስተኛ ዓመት የአካውንቲንግ ተማሪ ናት። ፈተና ላይ ስልክ ይዛ ተገኝታለች ተብላ ተከሳለች፤ እሷ ግን ስልኩ የእኔ አይደለም ብላለች። ኮሚቴው ከሰዓት በኋላ በስምንት ሰዓት ይሰበሰባል። በደንቡ መሠረት ወላጅ ይዛ ከቀረበች ቃሏ ይሰማል፣ በማስጠንቀቂያም ልትታለፍ ትችላለች። ወላጅ ካልቀረበ ግን ክርክር የለም፤ አንድ ዓመት ትታገዳለች።

«ልጅዎ ምንድን ነው የምትማረው?»

«ሒሳብ።»

«ስንተኛ ዓመት ናት?»

ሰውየው ወደ ልጅቷ አዩ። «ወደ እሷ አይዩ፣ እኔን ያናግሩኝ» አለች ሐዳሳ።

«ሁለተኛ... ሦስተኛ ሳትሆን አትቀርም። ኮሌጅ ስትገባ ቡናው ገና አልተለቀመም ነበር።»

ሐዳሳ ፈገግ አለች፤ ደግ ፈገግታ አልነበረም። ፍቅሬ እንኳ የክፍሉን ቁጥር ሳይቀር በቃሉ ይዞ ነበር የሚመጣው። ይሄኛው ሳያጠና ነው የመጣው።

«እትዬ ሐዳሳ፣ እውነቴን ነው፣ አባቴ ነው» አለች ሮሆቦት። «ማቴዎስ አጎቴ ነው። ከአምስተኛ ክፍል ጀምሮ እዚህ እሱ ጋ ነው ያደግኩት። ትምህርት ቤት ሲያስመዘግበኝ በራሱ ስም አስመዘገበኝ።»

«ታዲያ አጎትሽ ለምን አልመጣም?»

«በኩረጃ ስሜ አይነሣም አለ።»

ሐዳሳ የቢሮውን ስልክ አነሣችና ፋይሉ ላይ ያለውን ቁጥር ደወለች። «አቶ ማቴዎስ፣ እዚህ የሮሆቦት አባት ነኝ የሚሉ ሰው መጥተዋል። ያውቋቸዋል?»

«የሮሆቦት አባት እኔ ነኝ፤ ወረቀቱም የሚለው እንዲሁ ነው። ሌላ የማውቀው ሰው የለም» አለ ማቴዎስ ከወዲያኛው በኩል፤ ስልኩም ተዘጋ።

«አላውቅም አሉ» አለች ሐዳሳ።

«ፈርቶ ነው!» ሮሆቦት እንባዋ መጣ። «በሐሰት አስመዘገብክ ብለው እንዳይከሱት ፈርቶ ነው!»

ሰውየው ማቴዎስ እንደካዳቸው ሲሰሙ መታወቂያውን ቀስ ብለው በላስቲኩ መልሰው ጠቀለሉት። ሐዳሳ ይህንንም በጥርጣሬ አየችው። ንጹሕ ሰው ይቆጣ ነበር ብላ አሰበች።

«እስከ ስምንት ሰዓት ከቀበሌ ደብዳቤ ያምጡ።»

«ቀበሌዬ ከአለታ ወንዶ ወዲያ ነው፣ ልጄ። ዛሬ ደርሶ መልስ አይሆንም።»

«እሱን እኔ አላውቅም።»

ሲወጡ ሐዳሳ ለሥራ የወጣች ለመምሰል ባዶ ፋይል ይዛ ተከተለቻቸው። አሁን ደረጃው ሥር ልጅቷ ገንዘቡን ትከፍለዋለች፣ እጅ ከፍንጅ እይዛቸዋለሁ ብላ ነው። ከላይኛው ደረጃ ላይ፣ ከዓምዱ ጀርባ ቆመች። አባትና ልጅ በሲዳምኛ ነበር የሚነጋገሩት። የሐዳሳ የእናቷ ቋንቋ ነው፤ አንድም ቃል አላመለጣትም።

«ስልኩን ይዘሽ ነበር?» አሉ ሰውየው።

ሮሆቦት የቦርሳዋን ማንገቻ እንደገና መጠምዘዝ ጀመረች።

«እኔ ለሴትዮዋ አልዋሸሁም። አንቺ ግን የዋሸሽኝ ይመስለኛል። ይዘሽ ነበር ወይ?»

«ይዤ ነበር።»

«አይተሽበታል?»

«አንድ ጥያቄ።»

ሰውየው ደረጃው ላይ ተቀመጡ። «ለእናትሽ ምን ብዬ ነው የምነግራት?» አሉ ጉልበታቸውን ይዘው። ከዚያ ድምፃቸውን ዝቅ አደረጉ። «ስምንት ሰዓት ላይ ገብተሽ እንዲህ ብለሽ ተናገሪ። ይዤ ነበር፣ አይቻለሁ በይ። አንድ ዓመት ቢሉሽም ቤትሽ አለ። እኔን ካላስገቡኝ በሩ ላይ እቆማለሁ።»

ሮሆቦት አጠገባቸው ተቀምጣ አለቀሰች። ገንዘብ የሰጠም የተቀበለም አልነበረም።

ሐዳሳ ወደ ቢሮዋ ተመለሰች። ፍቅሬ አምስቱንም ጊዜ ልጆቹን ሲቆጣ፣ ሲለምንላቸው፣ ሲያለቅስላቸው አይታለች። አድርገሽዋል ወይ ብሎ ግን አንዳቸውንም ጠይቆ አያውቅም። ምን ቸገረው? ይህን ለማወቅ አሥራ አንድ ዓመት ፈጀባት፤ አፈረች።

ስምንት ሰዓት ላይ የኮሚቴው ሰብሳቢ አቶ ሞገስ የወላጅ ማረጋገጫ ቅጹን ገልጠው መነጽራቸውን አወለቁ።

«ስሙ አይገጥምም። የቀበሌ ደብዳቤም የለም። በደንቡ ከሆነ ይህ ጉዳይ አልቋል።»

«አባቷ ናቸው» አለች ሐዳሳ።

«በምን እናውቃለን? የባለፈውን ጉድ ረሳሽው እንዴ?»

«አልረሳሁም።»

«ዲኑ ያሉትንስ?»

«እሱንም አልረሳሁም።»

አቶ ሞገስ አተኩረው አዩዋት። ይህቺ ሴት የገዛ ጥላዋን መታወቂያ የምትጠይቅ ናት ይባላል። «ሰውየውን ታውቂያቸዋለሽ?»

«አውቃቸዋለሁ።»

«ከመቼ ጀምሮ?»

«ከዛሬ ጠዋት አራት ሰዓት ጀምሮ» አለችና ቅጹን ወደ ራሷ ስባ «አባትነታቸውን አረጋግጫለሁ» ከሚለው ሥር ሙሉ ስሟን ጽፋ ፈረመች። ከዚያ ተነሥታ በሩን ከፈተች።

«የሮሆቦት አባት፣ ይግቡ።»